ለመስጠት የሄደ ሰው መቀበልን ሊማር ይገባዋልን?

ሰው ወገኑን ለመርዳት ፈልጎ፥ ሀገሩንና ዘመዶቹን ትቶ፥ ወደማያውቀው ሕዝብ ቢሄድና በዚያም ያለ ደመወዝ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቢያገለግል ሥራው በጎ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በበጎ ሥራ ሁሉ ውስጥ የተሰወረ ጥያቄ አለ፤ ይህም ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ወደ እኛ የመጣ አንድ ወጣት ነው።

ወጣቱ በአጥቢያችን ያደገ፥ በልጅነቱም በእኛ ዘንድ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ፥ ኋላም በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርቱን የፈጸመ ነው። በጎ ፈቃደኞችን ወደ ልዩ ልዩ የአፍሪካ ሀገሮች በሚልክ አንድ ድርጅት አማካይነት ወደ ጋና ሄዶ፥ በአሻንቲ ምድር ከኩማሲ ከተማ ራቅ ብላ በምትገኝ የካካዎ ገበሬዎች መንደር አንድ ዓመት አስተማረ። በተመለሰ በአራተኛው ወር ወደ እኛ መጥቶ፥ «አባታችን፥ ልሰጥ ሄጄ ተበድሬ መጣሁ፤ ዕዳዬን የምከፍላት ሴትም ሞታለች፤ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀን። በዚያ ቀን ወዲያው አልመለስንለትም። እርሱ የነገረንን ስናሰላስልና ስለዚህ ዐይነቱ አገልግሎት የተጻፈውን ስንመለከት ሰነበትን።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ጋና ነጻነቷን ያገኘችው በ1957 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የሰላም ጓድ የተባለውን ድርጅት በማርች 1961 ሲያቋቁሙ፥ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች በዚያው ዓመት ኦገስት 30 ቀን አክራ ገቡ። 50 ያህል ወጣት መምህራን ነበሩ። ከአውሮፕላን እንደ ወረዱም ሊቀበሏቸው በወጡት ሹማምንት ፊት በትዊ ቋንቋ፥ ይኸውም በሀገሩ ሰዎች ቋንቋ፥ ዘመሩ። በማግሥቱ ዓመት በ1962 ወደ ሀገራችንም 300 ያህል የሚሆኑ መጡ፤ ዛሬ በሽምግልና ላይ ከሚገኙት ምሁራኖቻችን ብዙዎቹ ከእነርሱ መማራቸውን ይናገራሉ። እኛስ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይልቅ የምንወደው ያንን መዝሙር ነው። ዜማው ምናልባት ሳይሰበር አልቀረም፤ አነጋገራቸውም የባዕድ ነበረ። ሆኖም ማስተማር ከመጀመራቸው አስቀድሞ፥ ሊያስተምሩት ከመጡት ሕዝብ አንድ ነገር ተቀብለው ነበር።

ወጣታችን የነገረን የመጀመሪያው ነገር ስለ ውኃ ነው። በአካን ሕዝብ ዘንድ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ «አኳባ»፥ ማለት እንኳን ደኅና መጣህ፥ ይባላል፤ መቀመጫ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም የሚጠጣ ውኃ ይቀርብለታል። ውኃውን እስኪጠጣ ድረስ ስለምን እንደ መጣ የሚጠይቀው የለም። ከጠጣ በኋላ ግን የቤቱ ባለቤት በዚህ ስፍራ ሰላም መሆኑን ነግሮ የእንግዳውን የመንገድ ነገር ይጠይቃል። ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሥርዐት ስላላወቀ፥ መቀመጫው ሳይመቻች ሊሠራ የመጣውን ሥራ፥ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ሒሳብ ይተርክ ጀመር። ሽማግሎቹ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ውኃውን ወደ እርሱ ገፋ አደረጉለት። «ዝም በል፤ መጀመሪያ ጠጣ ያሉኝ መሰለኝ» አለን።

በቋንቋቸው እንግዳ ኦሆሆ ይባላል። ይህም ቃል፥ ልክ እንደ እኛ «እንግዳ» እንደሚለው ቃል፥ የሚከበረውን ጋባዥ ያለውን ሰውም፥ የማይታወቀውን ባዕድ ሰውም አንድ አድርጎ ይጠራል። ሁለት ሕዝቦች ተራርቀው ሳሉ በአንድ ቃል ላይ መገናኘታቸው አስደነቀን። ባዕድ የሆነው ሰው በሌላ መንገድ ሊከበር አይችልም፤ አስቀድሞ የሚቀበለው ቤት ያስፈልገዋልና። ለማገልገል የሄደው ሰውም ቢወድድ ባይወድድ መጀመሪያ እንግዳ ነው፤ አገልጋይነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ያደረባት ቤት ባለቤት የሸመገለች ሴት ነበረች። ሁሉም ናና እያሉ ይጠሯት ነበር፤ ናና ማለት አያት፥ ወይም በዕድሜና በማዕርግ የከበረ ሰው ማለት ነው። በሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደ ተወለደ ጠየቀችው። በዚያ ሀገር ሰው ከሌላ ስሙ ጋር የተወለደበትን ቀን ስም ይዞ ይኖራልና፤ ክዋሜ ንክሩማ ክዋሜ የተባሉት ቅዳሜ ስለ ተወለዱ፥ ኮፊ አናንም ኮፊ የተባሉት ዐርብ ስለ ተወለዱ ነው። ወጣቱ አላወቀም። ወደ እናቱ በስልክ ደውሎ ቢጠይቃት፥ «የስቅለት ዕለት ነው እንጂ! ከስግደት ተነሥቼ አይደለም ወይ ምጥ የያዘኝ?» አለችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመንደሩ ውስጥ ኮፊ ሆነ። ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ከኖረ በኋላ፥ ከማያውቃት ሴት እጅ ስም ሲቀበል ምን እንደሚሰማው ከወጣቱ ፊት አነበብን።

የዕለት ኑሮው ከባድ አልነበረም፤ ነገር ግን በሁሉ ነገር ሕፃን መሆን ነበረበት። በግራ እጅ ሰላምታ መስጠትም ሆነ ዕቃ ማቀበል ነውር መሆኑን፥ በማለዳ ሲወጣ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል ማለፍ ስድብ መሆኑን ተማረ። ካሳቫና የሚቀቀል የሙዝ ዐይነት በትልቅ ሙቀጫ ተወቅጦ የሚዘጋጀውን ፉፉ የሚባለውን ምግብ፥ እንዴት በቀኝ እጅ ቈርሶ ከወጡ ጋር ሳያኝኩ እንደሚውጡት የአምስት ዓመት ልጅ አስተማረችው። በታኅሣሥና በጥር ሐርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከሰሐራ በረሃ አቧራ ይዞ ሲመጣ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ የሚቀባውንም የሰጡት ተማሪዎቹ ናቸው። በሒሳብ ሊቅ ነበረ፤ በሌላው ነገር ግን የመንደሩ ታናሽ እርሱ ነበረ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። በየማለዳው ከደጃፉ አንድ ባልዲ የመታጠቢያ ውኃ ተቀምጦ ያገኝ ነበር። ከወዴት እንደሚመጣ አልጠየቀም። ከክፍሉ ተማሪዎች አንዲቱ፥ የናና የልጅ ልጅ፥ ዘወትር አርፍዳ ትመጣ ነበርና አንድ ቀን በጓደኞቿ ፊት ገሠጻት፤ ውጭም አቆማት። ልጅቱ አንዲት ቃል አልመለሰችም። ከሁለት ወር በኋላ ሌሊት ሆዱን ታምሞ ጎሕ ሳይቀድ ቢወጣ፥ ያችው ልጅ ከእጅ ፓምፑ ጉድጓድ ውኃ በራሷ ተሸክማ ወደ ደጁ ስትመጣ አያት። ያረፈደችው የእርሱን ውኃ እየቀዳች ነበር።

በዚያው ቀን ገንዘብ ይዞ ወደ ናና ሄደ። ስለ ውኃውና ስለ ምግቡ ሊከፍል ፈለገ። አሮጊቷ ገንዘቡን አይታ፥ «ቤቴን ሆቴል አደረግኸው?» አለችው፤ ከዚያም እስከ ማታ አላነጋገረችውም። በሦስተኛው ቀን ውኃውን ራሱ ሊቀዳ ወጣ፤ ባልዲውን በራሱ ላይ ሊሸከም ቢሞክር ግማሹ በልብሱ ላይ ፈሰሰ፤ የመንደሩም ሴቶች እስኪያለቅሱ ሳቁበት። ናና ያን ጊዜ ታረቀችው።

ይህን ስንሰማ ሁለት ነገር ተሰማን። አሮጊቷ ትክክል ነበረች፤ ወጣቱም ክፉ ዐስቦ አልነበረም። ገንዘቡን ያቀረበው ዕዳ ስለ ከበደው ነው፤ ዕዳ የከበደውም ሰጪ ሆኖ ሊኖር ፈልጎ ስለ መጣ ነው። ሰጪ የሆነ ሰው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ተቀባይ ግን እጁን ይዘረጋል። እጅን መዘርጋት ለኩሩ ሰው ከማረስ ይከብዳል። ሐዋርያው ጴጥሮስ እግሩን ሊታጠብ ባልፈቀደ ጊዜ ትሑት የሆነ መስሎት ነበር፤ ጌታችን ግን ትሕትናው መቀበል እንጂ መከልከል እንዳልሆነ አስረዳው። ጌታ ራሱስ በሲካር ጉድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ነገሩን የጀመረው ውኃ ለምኖ አይደለምን? ሰባ ሁለቱ አርድእትም ያለ ከረጢት ተልከው የቀረበላቸውን እንዲበሉ ታዝዘዋል። እነርሱን የተቀበለው ገበሬ የሚሰጠው ነገር ስላለው ቀና ብሎ ይሰማቸዋል፤ ስንቃቸውን ጭነው ቢሄዱ ግን የሚያስተምሩት ለማኝ አድርገው ነበር።

የእንግዳን ዐይን ነገር ሳናነሣ ልናልፍ አንወድም። በኦክቶበር 1961 በናይጄሪያ፥ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለሥልጠና ከመጡት የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አንዲት ወጣት ሴት፥ ስለ ከተማዪቱ ኑሮ ችግርና ሰው በጎዳና ላይ ስለ ማብሰሉና ስለ መሸጡ ያየችውን በፖስት ካርድ ላይ ለወዳጇ ጻፈች። ካርዱ ፖስታ ቤት ሳይደርስ ወደቀ። ያገኙት ተማሪዎች አባዝተው በተኑት፤ ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ ነጻነቷን ካገኘች ገና አንድ ዓመቷ የነበረች ሀገር እንግዳዋ በስውር እንዳዋረደቻት ቈጠረች። ወጣቷ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ሀገሯ ተመለሰች፤ የድርጅቱ ሥራ ግን አልተቋረጠም።

ስለዚህ ነገር ብዙዎች ሁለት ዐይነት ፍርድ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ያየችውን ጻፈች፥ ምን በደለች ይላሉ፤ ሌሎቹ ንቀት ነው ይላሉ። እኛ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት እንወስዳለን። ድህነትን ማየት ኃጢአት አይደለም፤ ዐይን አለን፤ ያየነውንም ለወዳጅ መንገር የሰው ጠባይ ነው። ጥፋቱ፥ እንደሚመስለን፥ በመጀመሪያው ሳምንት ዐይን የታየውን የሕዝቡ ሁሉ መልክ አድርጎ መጻፉ ነው። በዚያ ምድር እንግዳ ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፥ ሆኖም አያይም የሚል ተረት አለ። ጎዳና ላይ የምታበስለውን ሴት ያየ ሰው፥ ያ ማብሰያ ስንት ልጆች እንደሚያስተምር ለማየት ቢያንስ አንድ ዓመት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ወጣቷ የከፈለችው ዋጋ ከጥፋቷ በለጠ። ስለ ጋባዡ ከጀርባ ተናግሮ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? የእኛ ካርድ መሬት ላይ ስላልወደቀ ብቻ ነው።

ወጣታችን የዐቢይ ጾምን በመንደሩ ጾመ። ናና በጾሙ ግራ ተጋባች። «ምግብ ሳለ ለምን ትራባለህ?» አለችው። እንደ ምንም ብሎ ሥርዐቱን፥ የሚበላበትን ሰዓትና ጾሙ የሚፈታበትን ቀን አስረዳት። ጥቂት ዐስባ፥ «እንግዲያስ የምትበላበትን ሰዓት ታውቀዋለህ» አለችው፤ ከዚያም ወዲያ በየቀኑ ያለ ዓሣና ያለ ሥጋ ባቄላ ትቀቅልለት ነበር።

ይህች ቃል የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ሆና አገኘናት። ጾመኛና ረኃብተኛ ሁለቱም ሆዳቸው ባዶ ነው። ጾመኛው ግን ማዕዱ የሚዘረጋበትን ሰዓት ያውቃል፤ ረኃብተኛው አያውቅም። ስለዚህ ጾም ሐሰት ነው አንልም፤ በፈቃድ የተደረገ ነውና ዋጋ አለው። ሐሰት የሚሆነው ጾመኛው ወደ ረኃብተኛው ሄዶ፥ «ረኃብህን ዐውቄዋለሁ» ያለ እንደ ሆነ ነው። በጎ ፈቃደኛውም እንዲሁ ነው። በመብራት እጦት ያመሻል፥ በባልዲ ይታጠባል፥ በወባ ይታመማል፤ ሆኖም የመመለሻ ቲኬቱ በሻንጣው ውስጥ አለ። ድህነቱ የተዋሰው ድህነት ነው። ይህን ካልዘነጋ አገልግሎቱ እውነተኛ ነው፤ ከዘነጋው ግን ዓመቱን ሙሉ በጎረቤቱ ኑሮ ላይ ተውኔት ሲጫወት ይኖራል።

ልዩነቱ በግልጥ የታየው በ2014 ነው። በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራ ሊዮን የኢቦላ በሽታ ሲበረታ፥ የሰላም ጓድ ጁላይ 30 ቀን 340 በጎ ፈቃደኞቹን ከሦስቱ ሀገሮች ማስወጣት እንደ ጀመረ አስታወቀ። ይህን አንነቅፍም፤ የሰው ልጆችን በዐደራ የተቀበለ ሊጠብቃቸው ይገባዋል፤ መምህር የሆነ ወጣት በዚያ ቢቀርም በሽተኛ ከመሆን በቀር የሚረዳው አልነበረም። ነገር ግን የመንደሩ ነርስ የምትወጣበት አውሮፕላን አልነበራትም። በሽታው እስኪጠፋ ድረስ ከ28,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፥ ከ11,000 በላይ ሞቱ፤ ከሞቱትም መካከል ከ500 የሚበልጡት የሀገሩ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ከሀገራችንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመቶ የሚበልጡ የጤና ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ወደዚያ መሄዳቸውን አንባቢያን ታስታውሱ ይሆናል። ሌላው በሚወጣበት በር የገቡ ናቸው።

እንዲያውም «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ስም በይበልጥ የሚገባው ለማን እንደ ሆነ ስንመረምር፥ በጋና የጊኒ ትል የተባለው በሽታ የጠፋበትን ታሪክ እናገኛለን። ትሉ በኩሬ ውኃ ከሚኖሩ ደቃቅ ነፍሳት ጋር ይጠጣል፤ በሰውነት ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ያህል አድጎ ከዓመት በኋላ ብዙውን ጊዜ በእግር ቈዳ ቀድዶ ይወጣል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። በ1986 በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይያዙበት እንደ ነበር ይገመታል። ጋና ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ በ2015 ተመሰከረላት። ለዚህ ከውጭ የመጡ ሰዎችና ድርጅቶች ብዙ ደክመዋል፤ ሆኖም በየመንደሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በሽተኛ ይፈልጉ፥ ውኃ በጨርቅ አጥልሎ መጠጣትን ያስተምሩ የነበሩት ከራሱ ከመንደሩ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራው ሲያበቃም የሚመለሱበት ሌላ ሀገር አልነበራቸውም።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ዓመቱ ሊፈጸም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ናና ታመመች። ሊቈይ ፈለገ፤ ቲኬቱ ግን ተቈርጦ ነበር፤ እርሷም፥ «እናትህ ትጠብቅሃለች፥ ሂድ» አለችው። ሄደ። በሦስተኛው ወር ሞቷን ሰማ። በዚያ ሀገር የቀብር ሥርዐት ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ሳምንታት ቈይቶ በቅዳሜ ቀን ይደረጋል፤ ዘመድ ሁሉ ቀይና ጥቁር ለብሶ ይሰበሰባል፤ ለሐዘንተኞቹ እርዳታ የሰጠ ሰው ስሙና ያዋጣው በሕዝቡ ፊት ይጠራል። ቀኑ ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር። «በሕይወቷ ገንዘብ ስሰጣት አዘነች፤ በሞቷ ልላክላትን? ወይስ ይህም ያስቈጣታል?» አለን።

እንዲህ አልነው፤ «ልጄ፥ በዚያን ጊዜ ያቀረብህላት ገንዘብ ከቤቷ የሚያወጣህ ነበር፤ ከፍለህ ነጻ ልትሆን ፈልገህ ነበርና። ይህኛው ግን ከሐዘንተኞቹ ጋር የሚያስቀምጥህ ነው። ከፍለህ የምትጨርሰው ዕዳ አድርገህ አትላከው፤ እንደ ቤተ ሰብ ላክ። የቀረህበት ነገር ግን አይታበልም፤ ስትሄድ ታምማ ነበር፥ ልትሄድም ትችል ነበርና ሄድህ። ይህን በንጹሕ ልብ ያዘው፤ ራስህንም አትደብድብበት።»

ከዚያም አንድ ነገር ጠየቅነው፤ ውጭ ያቆማትን ልጅ ይቅርታ ጠይቋት እንደ ሆነ። ፊቱ ተለወጠ። አልጠየቃትም ነበር። ውኃውን መቅዳት ከጀመረ በኋላ ነገሩ የተፈጸመ መስሎት ቀርቶ ነበር። ስለ ሞተችው አሮጊት ሲያለቅስ፥ በሕይወት ያለችውን ልጅ ረስቷት ነበር፤ እርሷም ገና ጧት ጧት ውኃ እንደምትሸከም አያጠራጥርም። ጓደኞቿ በነበሩበት ፊት ስለ ገሠጻት፥ ይቅርታውንም በክፍሏ ሁሉ ፊት የሚነበብ ደብዳቤ አድርጎ እንዲጽፈው ነገርነው። ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ከበደው፤ ነገር ግን ጻፈው።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ወደ ቤታችን መጣ። ልጅቱ በስልክ የሰዎቹን ድምፅ ቀድታ ልካለት ነበር። ከበሮና የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው በከፍተኛ ድምፅ ስሞች ይጠራል። ቋንቋውን ስለማናውቅ ከጥሪው ሁሉ የለየነው፥ «ኮፊ» የሚለውን፥ ከእርሱም ቀጥሎ «ናና» እና «ኢትዮጵያ» የሚሉትን ቃላት ነው።